ቀለም አይዋሽም

ጥቅምት 6

ጋሼ፣

«ሞተሽ ነው ወይስ ኮርተሽ?» ላልከው፣ አልሞትኩም፤ የምኮራበትም ነገር የለኝም። እጄ እስከ ክንዴ ላም ውስጥ እየዋለ ብዕር መያዝ አስጠልቶኝ ነው። አሳድገህ፣ አስተምረህ፣ ከዚያም አልፈህ የማዳቀል ሥራ ያሠለጠንከኝን ወንድሜን ሁለት ወር ሙሉ መልስ መንፈጌ ነውር ነው። ይቅር በለኝ።

ስለ ቤታችን ለጠየቅከው ደህና ነን። አናጢው ባሌ ወንበር ይሠራል፣ ወንበሩ ይወዛወዛል፣ እሱ ደግሞ «ወለሉ ነው የተጣመመው» ይላል። እኔም ያችኑ ሞተር ብስክሌት እነዳለሁ። ድምጿ ሲሰማ አሁንም ሰዉ «ሙሽራው መጣ!» እያለ ይስቃል። ከኋላ የማስረውን የናይትሮጂን ታንክ፣ የኮርማ ዘር ቀዝቅዞ የሚቀመጥበትን፣ «ቀዝቃዛው ሙሽራ» ብለውታል። ድሮ እኔም እስቅ ነበር።

ጋሼ፣ ጥጃዎች እየሞቱብኝ ነው። በአንድ ወር ሦስት። የመጨረሻው የተወለደው በባለ ስድስቷ በረት ውስጥ ነው። ባለ ስድስቷን ነግሬሃለሁ፤ ባሏ ሲሞት ከስድስት ላሞች ጋር ብቻዋን የቀረችው ጎረቤቴ። «ሴት ልጅ ላም አዳቅላ ምን ልታመጣ!» ሲባል «በእኔ ላሞች ትጀምር» ያለች እሷ ናት። ጥጃው ሲወለድ ዓይኑ ቆንጆ፣ ጸጉሩ ቆንጆ። ታችኛው መንጋጋው ግን የለም ማለት ይቻላል። ጡቱን ሊይዝ ይሞክራል፣ ያመልጠዋል፣ ይሞክራል፣ ያመልጠዋል። በጠርሙስ ብንሰጠው በጎን ይፈስሳል። ሦስት ቀን ታገለና ሞተ። ባለ ስድስቷ እኔን ብቻ ታየኛለች። ያ አስተያየቷ አላስቀምጥ አለኝ።

የቀለሙን ተራ እንዳልሳትኩ በሕይወቴ እምላለሁ። ዘሩ በሚሞላበት ቀጭን ቱቦ፣ በስትሮው ላይ የሚታተመው ቁጥር በቀረ ጊዜ አንተው ክፍል ውስጥ ቆመህ «ቁጥር ይጠፋል፣ ቀለም አይዋሽም፤ አንድ ቀለም አንድ ኮርማ ነው» ብለህ እንዳስተማርከን፣ ከቢጫ ለተወለደች ጊደር አረንጓዴ፣ ከአረንጓዴ ለተወለደች ሮዝ፣ ከሮዝ ለተወለደች ሰማያዊ ነው የምሰጠው። አባትን ከልጁ አላገናኘሁም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በደብተር ይዤዋለሁ።

የአሥራ አራት ከብቶች የጭራ ጸጉር ከነሥሩ ነቅዬ ልኬልሃለሁ። በማዳቀያ ማዕከሉ መዝገብ ቤት ተቀምጠህ ወረቀት ብቻ አትቁጠር፤ ወደ ላቦራቶሪዋ ልጅ ጠጋ በልና ታይልኝ። ደግሞ ለወሬ ያህል፣ ጊደሮቻችን ሁሉ የግራ ጆሯቸው ጫፍ ነጭ ሆኗል። ባለ ስድስቷ «ጌጥ አደረግሽላቸው» ትለኝ ነበር።

ጉንዳንህ


ጥቅምት 25

ጉንዳኔ፣

ጸጉሩ ደርሷል። «ፖስታው ተቀዶ ይሆን?» ብለሽ አትጨነቂ፤ አልተቀደደም። ለላክሁልሽ አጭር ካርድ መልስ በሁለተኛው ደብዳቤሽ «የእጅ ጽሑፍህ ምነው ተንቀጠቀጠ፣ አሞሃል?» ላልሽው፣ ብዕሩ ነው። ወገቤን ትንሽ ያመኛል፤ እሱም የወንበሩ ነገር ነው። ከአናጢሽ አንድ እንዳዝዝ እፈልግ ነበር፣ አሁን ወለሉን ነው የምፈራው።

ውጤቱ ወጥቶ እንደሆነ ጠይቀሻል። ገና ነው ልበልሽ። የላቦራቶሪዋ ልጅ ሥራ በዝቶባታል።

አንድ ነገር እለምንሻለሁ። እስክጽፍልሽ ድረስ አንድም ላም እንዳታዳቅዪ። «ለምን?» አትበዪኝ። ሰዉ ከጠየቀሽ ናይትሮጂኑ አልቋል በዪ። ውሸት እንደማይሆንልሽ አውቃለሁ፤ ለዚህች አንድ ጊዜ ይሁንልሽ።

«እኛ ጋ ብቻ ነው ወይ?» ያልሽውን በተመለከተ፣ ከሌላ የማዳቀያ ጣቢያም እንዲህ ያለ ደብዳቤ መጥቷል። የማዕከሉ አለቃ «መኖ ነው፤ መኖ ቀይሩ» ብሎ መልሶላቸዋል። መኖ ሊሆን ይችላል። ብዙ ነገር ሊሆን ይችላል።

በርትተሽ ብዪ፣ አትክሺ። ዘግይቼ በመጻፌ አዝናለሁ።

ወንድምሽ


ኅዳር 7

ጋሼ፣

በኋላ በላክኸው ካርድ «ተቆጥተሽ ይሆን?» ብለሃል። ተቆጥቻለሁ! መኖ ነው ትለኛለህ? መኖ መንጋጋ ይበላል እንዴ? እንደ ሕፃን አታባብለኝ። ሰባት ዓመት ሳይሞላኝ እናታችን ስትሞት እንኳ ቁጭ አድርገህ እውነቱን የነገርከኝ አንተ ነህ። ያኔ የቻልኩትን አሁን አልችልም ብለህ ነው?

ናይትሮጂን አልቋል አልኩ፣ እንዳልከኝ። ባለ ስድስቷ ታንኩን በጣቷ ኳ ኳ አድርጋ «ይሄ እኮ ሙሉ ነው ልጄ» አለችኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ስለ ተረፉት ጥጃዎች ለጠየቅከው፣ አንዱ ጸጉር የለውም። ሌላዋ ዓይኗ ነጭ ነው፤ ግድግዳ እየገጨች ትሄዳለች። ከአሥር ላሞች አራቱ ሦስት ጊዜ ተዳቅለው አልጸነሱም። ቡሬ ደግሞ፣ የባለ ስድስቷ የመጨረሻዋ እርጉዝ፣ ትናንት የሞተ ወለደች። ስለ እሱ አልጽፍልህም።

አሁን ነገሩ ከእኔ እጅ ወጥቷል። የከብት አርቢዎች ማኅበር ታኅሣሥ 20 ስብሰባ ጠርቶኛል። ጥያቄው አንድ ነው፤ «ምን ጨመርሽባቸው?» መልስ ከሌለኝ ፈቃዴን ይነጥቁኛል፣ ታንኩንም ይወስዱታል። ከዚያ በኋላ እዚህ መንደር ውስጥ ማን ነኝ? ጥጃ ገዳይ። አናጢው «ሰው ይረሳል» ይለኛል። ጋሼ፣ መንጋጋ የሌለው ጥጃ ያየ ሰው አይረሳም።

ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ብለህ ከፈራህልኝ፣ ይውጣ። የሚመጣውን ልወቀው። ውጤቱን ላክልኝ።

ጉንዳን


ኅዳር 20

ጉንዳኔ፣

ቁጭ ብለሽ አንብቢው። ባልሽም አጠገብሽ ይሁን።

የአሥራ አራቱም ከብቶች አባት አንድ ነው። የላቦራቶሪዋ ልጅ ሁለት ጊዜ ደገመችው፤ እኔም ሦስተኛ አስደገምኳት። ደብተርሽ ላይ ቢጫ ያልሽውም፣ አረንጓዴ ያልሽውም፣ ሮዝም ሰማያዊም፣ ሁሉም ሻለቃ ነው። ሻለቃን አትረሺውም፤ በሥልጠናሽ ጊዜ ከአምስቱ ኮርማዎች ዳር የታሰረው፣ ፎቶ ስትነሺ ሻርፕሽን የበላብሽ። የግራ ጆሮው ጫፍ ነጭ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንቺ በተመረቅሽ በሦስተኛው ወር በሽታ ገባና አራቱ ኮርማዎች በአንድ ሳምንት አለቁ። ሻለቃ ብቻ ተረፈ። ከዚያ ወዲህ ቀለም ኮርማ መሆኑ ቀረ። በየዓመቱ የተገኘው ቀለም ስትሮ ተገዝቶ የሻለቃ ዘር ይሞላበታል። ቢጫው የመጀመሪያው ዓመት ሻለቃ ነው፣ አረንጓዴው የሁለተኛው ዓመት ሻለቃ ነው። አንቺ ኮርማ የለወጥሽ መስሎሽ ዓመት ነው የለወጥሽው።

ሻለቃ ራሱ ከሞተ አምስት ዓመት ሆኖታል። ዘሩ ግን በቅዝቃዜ ተከማችቶ ይኸው እስከ ዛሬ ይላካል።

ልጅ ከአባቷ ስትወልድ በደም ውስጥ ተሸሽጎ የኖረ ጉድለት ከሁለቱም ወገን ይገናኛል። በአንደኛው ትውልድ አንዳንዱ ይተርፋል። በሦስተኛው መትረፍ ራሱ ዕድል ነው። ይህን እኔው ነበርኩ የማስተምርሽ።

«ማነው ሳይነግረኝ የቀረ?» ብለሽ መጠየቅሽ አይቀርም። ማሳሰቢያ ተጽፎ ነበር። ለአርባ አንዱም ጣቢያ ደብዳቤ ወጥቷል። አንቺ ጋ አልደረሰም እንዴ? እስቲ ቤትሽን ፈትሺ። ብዙ ጊዜ ሆኖታል፤ ሰው ነን፣ ወረቀት ይጠፋል።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 3

ጋሼ፣

ደብዳቤህን አንብቤ ስጨርስ ክው ብዬ ቀረሁ። አናጢው ውሃ ፊቴ ላይ ረጨብኝ። «ማን ሞተ?» ይላል። ምን ብዬ ልንገረው!

አባቷም እሱ፣ አያቷም እሱ፣ ቅድመ አያቷም እሱ። ኧረ ምን ጉድ ነው! እኔ፣ በገዛ እጄ፣ በጓንት፣ በጥንቃቄ፣ ልጅን ለአባቷ ስሰጥ ኖሬያለሁ። በየበረቱ እየገባሁ «ለዚች ደም እንቀይርላት» እያልኩ! የሞተ ኮርማ! የባለ ስድስቷ በረት ገብቼ ቆምኩና ጆሯቸውን አየሁ። ስድስት ነጭ ጆሮ። ስድስቱም ዞረው አዩኝ።

«ደብዳቤውን አገኘሽው ወይ?» ብለሃል በትንሿ ካርድ። ቤቱን ገለበጥኩት። ሣጥን፣ ፍራሽ፣ የምድጃ ሥር፣ የሞተሯ መቀመጫ ውስጥ ሳይቀር። በመጨረሻ ምን አገኘሁ መሰለህ? የሚወዛወዘው ወንበር እግር ሥር የተወተፈ ወረቀት። ግማሹ ተበልቷል፣ ማኅተም ግን አለው። ፊደሉ አይነበብም። «ይኸው!» አልኩት አናጢውን፣ «ይኸው የገደልከኝ ወረቀት!» እሱ «ይሄ የክትባት ማስታወቂያ ነው» አለኝ። አላመንኩትም። የማይባል ነገር አልኩት ጋሼ። እናቱን ሁሉ አነሳሁ። መዶሻውንና መጋዙን በቦርሳ ይዞ እናቱ ቤት ሄደ። በሩን እንኳ ቀስ አድርጎ ነው የዘጋው። ቢያስጮኸው ይሻለኝ ነበር።

እንግዲህ ጥፋቱ የእኛ ቤት ነው። አንተ ልከሃል፤ የማትዋሽ ሰው ነህ፤ እኔ ነኝ የጣልኩት። ስብሰባው ላይ ይህንኑ እናገራለሁ፤ «ደብዳቤው መጥቶልኝ ነበር፣ አጣሁት» እላለሁ። እንቆቅልሽ ሆኜባቸው ከምቀር ጥፋተኛ ልሁን።

አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ፤ ደብዳቤው የወጣው በየትኛው ወር ነው? በፖስታ ነው በሰው? ማኅበሩ መጠየቁ አይቀርምና ልዘጋጅበት።

ጉንዳን


ታኅሣሥ 14

ጉንዳኔ፣

ስለ ወሩ ጠይቀሻል። ስለ ወሩ ኋላ እጽፋለሁ።

እለምንሻለሁ፣ ስብሰባው ላይ «ደብዳቤ መጥቶልኝ ነበር» እንዳትዪ። «አላውቅም» በዪ። ከዚያ በላይ አትናገሪ። ባልሽንም ሂጂና መልሺው፤ ወረቀቱ የክትባት ማስታወቂያ ሊሆን ይችላል። አናጢ አይዋሽም፤ ወንበሩ ይመሰክርበታላ።

ለመቀለድ ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ከቀደድኩ በኋላ ነው ይህን የምልክልሽ። ይህ በፍጥነት ይድረስሽ።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 21

ጋሼ፣

ደብዳቤህ ዛሬ ጠዋት ደረሰ። ስብሰባው ትናንት ነበር።

«አላውቅም በዪ» ትላለህ። አውቃለሁ አልኩ። ሁሉንም ተናገርኩ። የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሞልቶ፣ ሰው በመስኮት ተንጠልጥሎ፣ ቀለሙን፣ ሻለቃን፣ አባትና ልጁን፣ መጥቶ ያጣሁትን ደብዳቤ፣ አንድ በአንድ። ከኋላ አንዱ «ቀዝቃዛው ሙሽራ የገዛ ልጆቹን አገባ!» ሲል የሳቀ አልነበረም። የተባልኩትን አልጽፍልህም። ባለ ስድስቷ የተናገረችውን ብቻ ልንገርህ። ተነሥታ «እኔ ነኝ በእኔ ላሞች ትጀምር ያልኩት፤ ጥፋቱ የኔም ነው» አለችና ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች። ብትሰድበኝ ምን ነበረበት!

ፈቃዴን ወሰዱ። ታንኩንም ዛሬ ሁለት ሰዎች ተሸክመው ወሰዱት። መጋዘኑ ወለል ላይ የተቀመጠበት ክብ ምልክት ቀርቷል። ዘጠኝ ዓመት ተቀምጦ ሲሚንቶውን አንጥቶታል። ስገባ ስወጣ እሱን እዘልለዋለሁ፤ ለምን እንደምዘልለው እንጃ።

አሁን አንተ መልስልኝ። ለምንድነው «መጥቶልኝ ነበር» እንዳልል የለመንከኝ? እውነት ከሆነ ለምን አልልም? ከጠዋት ጀምሮ ይችን ነገር እያዞርኳት ነው። አንድ ሐሳብ ይመጣብኛል፣ አባርረዋለሁ። ጋሼ፣ አባርርልኝ።

ጉንዳን


ጥር 3

እህቴ፣

አላባርርልሽም። ያሰብሽው እውነት ነው።

ደብዳቤው አልተላከም። ከመሳቢያዬ አልወጣም። ይኸው ከዚህ ጋር አለ፤ ፖስታውን አልከፈትኩትም። ቀኑን እዪው፤ የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ነው። የፈለግሽው ወር እሱ ነው።

«ለምን?» ትያለሽ። አለቃው «አዲስ ኮርማዎች በሦስት ወር ይመጣሉ፤ አርቢውን አናስደንግጥ፤ ለጊዜው ያዘው» አለኝ። ያዝኩት። ሦስቱ ወር ስድስት ሆነ፣ ስድስቱ ዓመት ሆነ፤ ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ ሆኖ ቀረ። ከዓመት በኋላ ብልከው «እስካሁን የት ነበርክ?» መባሉን ፈራሁ። ከሁለት ዓመት በኋላ ፍርሃቱ በእጥፍ አደገ። ከዚያ መሳቢያውን አለመክፈት ለመድኩ። ቁልፉ እንኳ ከሌሎች ቁልፎች ጋር ተደባልቆ ሲያቃጭል እሰማዋለሁ፤ የቱ እንደሆነ እንደማላውቅ ሆኜ እኖራለሁ። ክፉ ሰው ብሆን ይቀለኝ ነበር። እኔ ፈሪ ነኝ።

የመጀመሪያ ደብዳቤሽ ሲመጣ፣ ስለ ነጩ ጆሮ ስትጽፊ፣ ጸጉሩ ሳይመረመር ገብቶኛል። ብዕሩ አልነበረም የተንቀጠቀጠው። «አንቺ ጋ አልደረሰም እንዴ?» ብዬ የጻፍኳት አንዲት መስመር ቤትሽን ታፈርሳለች ብዬ አላሰብኩም። «ወረቀቱን አጣሁት» ትዪና ነገሩ ያልፋል ብዬ ነው። አንቺ ወረቀት ፍለጋ ፍራሽ ስትገለብጪ እኔ እዚህ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ነበረኝ። ባልሽ እውነቱን ነው የነገረሽ።

ጡረታ ልወጣ አራት ወር ቀርቶኛል። ይህን የምነግርሽ እንድታዝኚልኝ አይደለም፤ ደብዳቤውን ለማኅበሩ ብታሳዪው የሚቀርብኝን አውቄ እንደላክሁት እንድታውቂ ነው። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይላሉ፤ እኔ አሁንም አይወጣልኝም።

የፈለግሽውን አድርጊ።

ወንድምሽ ልበል አልበል አላውቅም


ጥር 17

ይድረስ ለመዝገብ ቤቱ ኃላፊ፣

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። «አንተ» ብዬ ልጽፍ ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፤ እጄ እምቢ አለኝ። ስለዚህ እርስዎ ይሁኑ።

ፖስታውን የከፈትኩት አማቴ ቤት፣ ባሌ ፊት ነው። መጀመሪያ ይቅርታ ጠየቅሁት። እግሩ ላይ ልወድቅ ስል «ተነሽ፣ ወለሉ ጠማማ ነው» አለኝ። አለቀስን፣ ሳቅንም። ወደ ቤት ተመልሷል። የቤቱ ነገር በዚህ አልቋል፤ ለእሱ እንዳይጨነቁ።

ደብዳቤው አምስት መስመር ነው። አምስት! ማኅተም፣ ፊርማ፣ ከሥሩ በእጅዎ የተጻፈች፤ «ጉንዳኔ፣ ይህችን እንዳትጥያት። ቀለም ያልኩሽን እርሺው፤ ተሳስቻለሁ።» ይህን አንብቤ ምን እንደተሰማኝ ልጽፍልዎ አልችልም። ያኔ ደርሶኝ ቢሆን ግድግዳ ላይ በሚስማር እመታው ነበር። ባለ ስድስቷ ማንበብ ስለማትችል አነበብኩላት። ሁለት ጊዜ አስነበበችኝ። «ይህ ሁሉ በዚህች?» አለችና ወረቀቷን ተቀብላ በመዳፏ መዘነቻት። ለማኅበሩ ሰኞ አነብበዋለሁ። አልደብቅልዎትም።

አሁን ግን ከሁሉ የባሰውን ይስሙ።

ማኅበሩ መክሮ፣ ከእንግዲህ የታንክ ዘር ይቅርብን፣ የማይዛመድ ኮርማ ከሩቅ እናምጣ ብሎ ነበር። አንድ መኪና ተላከ። ሁለት ቀን መንገድ ሄዶ፣ ወንዝ ተሻግሮ፣ ማንም ዘመድ ከሌለን አገር ኮርማ ይዞ ተመለሰ። ሕዝቡ መንገድ ዳር ወጥቶ አጨበጨበ። ባለ ስድስቷ ቡሬን አጥባ አቆመቻት። ከወር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው እኔን እያየ ፈገግ አለ። የመኪናውን የኋላ በር ባሌ ከፈተ። ኮርማው ወጣ። ግርማ ሞገሱ የሚያስፈራ፣ ጤነኛ፣ ትልቅ። አንገቱን ወደ እኛ አዞረ።

የግራ ጆሮው ጫፍ ነጭ ነው።

ጭብጨባው በአንድ ጊዜ ቆመ። እኔ እዚያው መንገድ ላይ ተቀመጥኩ። ባለ ስድስቷ ቡሬን ወደ በረቷ መልሳ በሩን ዘጋችባት።

ቤት ገብቼ ፖስታውን እንደገና አየሁት። ጥጉ ላይ በቀይ የተጻፈ ቁጥር አለ፤ «17 ከ41»። መጀመሪያ ሳየው ቁጥር ነው ብዬ አልፌው ነበር። «ለአርባ አንዱም ጣቢያ ወጥቷል» ብለው ጽፈውልኝ ነበር። «ከሌላ ጣቢያም ደብዳቤ መጥቷል፣ አለቃው መኖ ነው ብሏል» ብለውም ጽፈዋል። የኔን ላኩልኝ፤ እህትዎ ስለሆንኩ። የአርባዎቹስ? አርባ ሰዎች፣ እዚያው ክፍል እኔ አጠገብ ተቀምጠው «ቀለም አይዋሽም» ብለው የጻፉ፣ ዛሬም ጠዋት ተነሥተው አረንጓዴውን በሮዝ እየለወጡ ነው። በዚህች ሰዓት፣ ይህን ሲያነቡ፣ አንዱ ጓንቱን እያጠለቀ ነው።

አድራሻቸውን ለማውቃቸው ለአሥራ ሁለቱ እኔ በእጄ ገልብጬ ልኬላቸዋለሁ። ቅርብ ከሆነው ከአንዱ በሰው እጅ መልስ መጥቷል፤ «ሚስቴን ለላሞቹ መርዝ ሰጠሻቸው ብዬ አባርሬአታለሁ» ይላል።

የሃያ ስምንቱን አድራሻ አላውቅም። እርስዎ ጋ መሳቢያ ውስጥ ነው፣ ታሽጎ፣ ቁጥር ተጽፎበት። ቁልፉ የቱ እንደሆነ ያውቃሉ። ፖስታ ቤቱ ከቢሮዎ ማዶ ነው፤ መንገዱን መሻገር ብቻ ነው። የላኪ ስም በሚለው ቦታ የራስዎን ስም ይጻፉበት፤ የአለቃውን አይደለም።

ያን ቀን ይጻፉልኝ። ያን ቀን እኔም «ጋሼ» ብዬ እጀምራለሁ። እስከዚያው ግን፣

እህትዎ ነኝ።